ሂሳዊ ድጋፍ ምን ማለት ነበር? — የኃይሌ ፊዳ የፖለቲካ ጉዞና አቋሞች

«ሂሳዊ ድጋፍ» የሚለው ቃል በውይይት ክበባችን በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይቆጣል። የሚስቁት «እየተቹ መደገፍማ ጅብን እየተቆጡ ማሳደግ ነው» ይላሉ። የሚቆጡት ደግሞ «ያኔ ብትኖሩ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገን ስለ ቃሉ ባለቤቶች የሚያውቀው ጥቂት መሆኑን ስላየን፣ በዚህ እትም የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) መሪ የነበረውን የኃይሌ ፊዳን የፖለቲካ ሕይወትና አቋሞች እናጠናለን።

ኃይሌ ፊዳ የተወለደው በወለጋ፣ አርጆ ነው። በዚያን ዘመን አሶሳም ከወለጋ አውራጃዎች አንዷ ስለነበረች የአርጆ ሰውና የሸርቆሌ ሰው በአንድ ጠቅላይ ግዛት ስም ይጠሩ ነበር፤ ነቀምት ያለው ቢሮ ግን ለሁለቱ እኩል ቅርብ ነበር ማለት አይቻልም። ኃይሌ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሣይ ሄዶ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ሆነ። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ አደባባይ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማለትም በነሐሴ 1960 ዓ.ም.፣ በጀርመን አገር ሐምቡርግ ከተማ መኢሶን በምስጢር ተመሠረተ። ተፎካካሪው ኢሕአፓ ደግሞ በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ተመሠረተ። ሁለቱም ማርክሲስት ሌኒኒስት ነን ባይ፣ ሁለቱም የአንድ ትውልድ ልጆች ነበሩ። በኋላ የተጋደሉት እነዚህ ናቸው።

ለእኛ ለመምህርነት ሠልጣኞች ከኃይሌ ሥራዎች ቅርብ የሆነው ፖለቲካው ሳይሆን የቋንቋ ሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፓሪስ ላይ «ሂርማታ ዱቢ አፋን ኦሮሞ» የተባለ የኦሮምኛ ሰዋስው በላቲን ፊደል አዘጋጅቶ አሳተመ። ለምን በላቲን? እስቲ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንሞክረው። በአማርኛ «ገና» ብለን ብንጽፍ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። ፊደሉ ልዩነቱን አያሳይም፣ አንባቢው ከአረፍተ ነገሩ ያወጣዋል። በኦሮምኛ ደግሞ «ባዳ» ሲላላ «መጥፎ» ነው፣ ሲጠብቅ «ደጋ»። በዚህ ላይ የአናባቢ መርዘምና ማጠር ይጨመራል፤ «ቦና» በአጭሩ ሲነገር በጋ፣ ረዘም ተደርጎ ሲነገር ኩራት ነው። ከሰባቱ ሆሄያት «ቦ» አንድ ብቻ ስለሆነች ይህን መለየት አትችልም። በላቲን ግን ፊደሉን ደግሞ መጻፍ ይበቃል።

የተቃራኒውን ወገን ክርክርም መስማት አለብን። አማርኛ ጥብቀት ሳያመለክት ስንት ዘመን ተነቧል፤ ልጁም ቋንቋው የራሱ ከሆነ አይሳሳትም፤ ደግሞስ ሁለት ዓይነት ፊደል በአንድ ክፍል ሕፃኑን አያደክምም ወይ? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኛ ልብ ያልነው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ኃይሌ ይህን ሥራ ሲሠራ ኦሮምኛ በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማሪያ አልነበረም። ፓርቲ ለመመሥረት የሚሯሯጥ ሰው ቁጭ ብሎ ሰዋስው መጻፉ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የነበረውን አቋም ከብዙ በራሪ ወረቀት የበለጠ ይነግረናል።

የካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አውርዶ ሥልጣኑን ያዘ። መኢሶን መጀመሪያ ላይ እንደ ሌሎቹ ተራማጆች የወታደሮቹን መግዛት ተቃውሞ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ይጠይቅ ነበር። ኃይሌና ጓዶቹ ከውጭ አገር ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጥ ጀመር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ፤ የገበሬና የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ። መኢሶን እንግዲህ እንዲህ አለ፦ ወታደሩ የሚወስዳቸው እርምጃዎች ለጭቁኑ የሚጠቅሙ እስከሆኑ ድረስ እንደግፋለን፣ የሚያጠፋውን እንተቻለን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰፊውን ሕዝብ እናነቃለን፣ እናደራጃለን፣ እናስታጥቃለን። ሂሳዊ ድጋፍ ማለት ይህ ነው። ውስጡ ያለው ስሌት ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ተደራጅቶና ታጥቆ ሲበረታ ወታደሩ ወደደም ጠላም ሥልጣኑን ያስረክባል የሚል ነው።

ኢሕአፓ ይህን አልተቀበለም። ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ፣ ዴሞክራሲያዊ መብትም አሁኑኑ አለ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ተከፍቶ የሁለቱ ወገን ጸሐፊዎች በብዕር ስም ተፋለሙ። በድብቅ ደግሞ የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» እና የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» በየእጁ ይዞሩ ነበር። የክርክሩ አንጓ መብት ለማን ይሰጥ የሚለው ነበር። መኢሶን መብት ለጭቁኑ ይሰጥ፣ ለአድኃሪው ይከልከል ይል ነበር። ሲሰማ ያምራል። ነገር ግን አድኃሪ ማን እንደሆነ የሚወስነው ማነው? በዚያን ጊዜ መልሱ ጠመንጃ የያዘው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላም «አድኃሪ» የሚለው ቃል ከኢሕአፓ አልፎ ወደ መኢሶን ራሱ ዞረ።

በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። ብሔረሰቦች በውስጥ ጉዳያቸው ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩና በቋንቋቸው እንዲጠቀሙ የሚለው ነጥብ በዚህ ፕሮግራም ገብቷል፤ የእነ ኃይሌ እጅ ጎልቶ የሚታይበት ሰነድ ነው። የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤትም ተቋቋመና ኃይሌ ሊቀ መንበር ሆነ። ካድሬ ማሠልጠን፣ ቀበሌና የገበሬ ማኅበር ማንቃት የዚህ ቢሮ ሥራ ነበር። አንድ ወንበር ግን ሁለት ጌታ አለው፤ ደመወዙ፣ መኪናው፣ ማኅተሙ የመንግሥት ነው። መኢሶን ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው በራሱ እግር ሳይሆን በደርግ መኪና ነበር ብንል ማጋነን አይመስለንም።

ከዚያ ደም መጣ። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። በጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ በራሱ በደርጉ ውስጥ ሲገደል የወዝ ሊጉ መሪ ዶክተር ሰናይ ልኬም በዚያው ቀን ሞተ። አምስቱ ድርጅቶች፣ መኢሶን ጭምር፣ በዚያ ሰሞን ኢማሌድህ የሚባል ኅብረት ፈጠሩ። ነጭ ሽብር፣ ቀይ ሽብር እየተባለ ወጣቱ ረገፈ። መኢሶን በኢሕአፓ ላይ የተወሰደውን እርምጃ ደግፏል፤ በቀበሌ የነበሩ አባላቱም እጃቸው ንጹሕ ነበር አይባልም። የመኢሶን ሰዎች በኋላ የጻፉትን ስናነብ ይህ ጉዳይ ሲደርስ ብዕሩ ቀስ ይላል። በእኛ አስተያየት ከሂሳዊ ድጋፍ «ሂሳዊ» የሚለው የሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ተቺው ዝም ያለበት ድጋፍ ድጋፍ ብቻ ነው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገባን ለአንድ አፍታ ወደ ውጭ አገር ብቅ እንበል። አብዮታችን በፈነዳ በሁለተኛው ወር፣ በሚያዝያ 17 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በፖርቱጋልም ወጣት መኮንኖች አሮጌውን አምባገነን መንግሥት ገለበጡ። እዚያም ወታደር፣ እዚያም ከስደት የተመለሰ ኮሙኒስት አለ። ሰውየው አልቫሮ ኩንያል ይባላል። በ1923 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለ ኮሙኒስት ፓርቲ ገባ፤ ከ1941 ጀምሮ 11 ዓመት ገደማ ታስሮ በ1952 ዓ.ም. ከፔኒሽ ምሽግ ከጓዶቹ ጋር አመለጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ሆነ። አብዮቱ በተነሣ በአምስተኛው ቀን ሊዝበን ገባና ሚኒስትር ሆነ። እርሱም «የሕዝቡና የጦር ኃይሎች ንቅናቄ አንድነት» እያለ ወታደሮቹን ደገፈ፤ ባንኮች ተወረሱ፣ በደቡብ ያሉ ሰፋፊ እርሻዎችን ሠራተኞች ያዙ። ከኛ ጋር መመሳሰሉ ያስደንቃል። ለሞስኮ የነበረው ታማኝነት ግን ከብዙዎቹ የአውሮፓ ኮሙኒስቶች የጠነከረ ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. የሶቪየት ጦር ቼኮስሎቫኪያ ሲገባም ደግፏል። እዚህ ላይ እኛ አንከተለውም።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ፖርቱጋል በሚያዝያ 1967 ዓ.ም. ምርጫ አደረገች፤ የኩንያል ፓርቲ ከመቶ 12 ተኩል ያህል ድምፅ ብቻ አገኘ። በኅዳር 1968 ዓ.ም. ጦሩ ውስጥ ለዘብተኞቹ ሲያሸንፉ ፓርቲው አፈገፈገ፤ ግን አልታገደም፣ ሰው አልተረሸነበትም፣ ምክር ቤት ውስጥ ቀጠለ። ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረና ብዙ ዘመን በሥውር የኖረ ድርጅት ስለነበር ሚኒስቴሩን ቢያጣ የራሱ ቤት ነበረው። ኩንያል በመሪነት እስከ 1985 ዓ.ም. ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. በ91 ዓመቱ ሲሞት ሊዝበን በሰው ተጥለቅልቃ ሸኘችው።

ኃይሌ ፊዳ ይህ ዕድል አልገጠመውም። ደርግ የራሱን ድርጅት ሰደድን ሲያጠናክር፣ የጽሕፈት ቤቱንም ሥልጣን ከመኢሶን እጅ ሲያወጣ፣ መኢሶን በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከመንግሥት ተለይቶ ኅቡዕ ገባ። ወሩ የሶማሊያ ጦር ምሥራቁን የወረረበት ስለነበር ጠላቶቹ «አገር ሲወረር ሸሸ» አሉት። ኃይሌ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ተያዘ። ሁለት ዓመት ያህል ታስሮ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ያለ ፍርድ ተገደለ።

በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም.፣ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በአማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛና ሶማልኛ ተነሥቶ በኋላ 15 ቋንቋ ደረሰ፤ ሁሉም በግዕዝ ፊደል። ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል፣ ይገባዋልም። ከ15ቱ ውስጥ ግን በርታ የለም፣ ጉሙዝ የለም፣ ሽናሻም የለም። ሸርቆሌ የደረሰው ዘማች ፊደል የቆጠረው ሌላ ሰው በሚናገረው ቋንቋ ነበር። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡ የኦሮሞ ምሁራን የላቲኑን ፊደል መረጡ፤ የኃይሌ ሰዋስው ከታተመ 18 ዓመት ገደማ አልፎት ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላም በክልላችን በርታ፣ ጉሙዝና ሽናሻ በላቲን ፊደል እየተጻፉ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተዋል።

ለመጪው የክበባችን ስብሰባ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። መኢሶን የጽሕፈት ቤቱን ወንበር ባይቀበል ኖሮ ቀበሌና ገበሬ ማኅበር ዘንድ በምን መንገድ ይደርስ ነበር? ሁለተኛው የእኛው የሥራ ጉዳይ ነው፦ ከሸርቆሌ ገበያ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ በርታኛ እየተናገረ መጥቶ ከፊታችሁ ቢቀመጥ፣ የመጀመሪያዋን ቃል በሰሌዳው ላይ በየትኛው ፊደል ትጽፉለታላችሁ? በርታኛ ተናጋሪ የሆናችሁ ሠልጣኞች ረዝመውና አጥረው፣ ጠብቀውና ላልተው ትርጉም የሚለውጡ ቃላት ከቋንቋችሁ ካሉ ጽፋችሁ አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም ከጎን እንለጥፋቸዋለን።