አሮጌ ቮልስ ገዝተህ ሚኒሞ ላስቸገረህ

ልጄ፣ ጆበርግ ጄፔ ላይ ልብስ እየሸጥክ ባጠራቀምከው ገንዘብ ቮልስ መግዛትህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ኡይተንሃግ ያለው ፋብሪካ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1951 እስከ 1979 እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ሲሠራት ስለኖረ መለዋወጫ አታጣም። ሚኒሞዋ አንዴ እየጮኸ አንዴ እየጠፋ አስቸገረኝ፣ ካርቡሬተር ልቀይር ነው አልከኝ። ከመቀየርህ በፊት ይህን አንብብ።

1. ድምፁን በብሎን አታባብል። ከካርቡሬተሩ በታች በስንጥቅ የሚገባ አየር ድብልቁን ያሳሳዋል። ሞተሩ ይዋዥቃል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ጧ ይላል፣ ካንዴላው ነጭ ይሆናል። ሰው ይህን ሲያይ ብሎን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ አየሩ ግን መግባቱን ይቀጥላል። ያንተው 34 ፒክት 3 ሶሌክስ ከሆነ ደግሞ ሚኒሞ የሚስተካከለው ጎኑ ላይ ባለው ትልቁ ብሎን ነው። የነዳጅ ፔዳሉ ገመድ የሚስበው ክንድ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ለሚኒሞ ብለው ያዞሯት መካኒኮች ብዙ ናቸው፤ አንተ አትንካት።

2. ጆበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቫኪዩም መለኪያ ብትገጥም የጥገና መጽሐፉ ለጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ኢንች ይልሃል፤ ይህ የባሕር ዳርቻ ሒሳብ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ በግምት 1 ኢንች ስለሚቀንስ እዚህ ከ11 እስከ 15 ቢያሳይህ አትደንግጥ። አዲስ አበባ ቢሆን ከዚህም ይወርድ ነበር። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር ያስፈቱ ሰዎች አሉ። አንተ የመርፌውን እርጋታ ተመልከት።

የከፍታው ነገር ሌላም ጣጣ አለው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛዋል፤ በስንጥቅ የሚገባው አየር ያንን ትርፍ እያቃለለ ሕመሙን ይደብቅልሃል። ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ወደ ደርባን ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ መጀመሪያ የምትጎዳው ሦስተኛዋ ሲሊንደር ናት፣ የጭስ ማውጫ ቫልቭዋ ይቃጠላል። ስም ስታዞር ያለፈችው ምርመራ ፍሬንና መብራት እንጂ ይህን አያይም።

3. ከርካሹ ጀምር። ወደ ስፒንትሮጅኑ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ በጣትህ እጠፋት፤ ከተሰነጠቀች ጣል። ቴስታታው ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ማኒፎልዱን የሚያገናኙት ጎማዎች በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ከታች በኩል ይሰነጠቃሉ፤ ከላይ አይተህ ደህና ናቸው አትበል።

4. ስንጥቅ ስትፈልግ ሞተሩን አስነስተህ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ብናኝ አድርገህ በየመጋጠሚያው ርጭ፤ ስፒንትሮጅኑንና የካንዴላ ገመዶቹን ግን አታርጥብ። የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ የምትፈልገው ነው። ብዙዎች የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫሉ፤ ይሠራል፣ ግን በጋለ ሞተር ላይ እሳት ነው። ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃ ከቶ እንዳትነካ፤ ሲግል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በር ዘግተህም አትሥራ።

5. አሁን ወደ ዋናው። የአየር ማጣሪያውን አውልቅና የነዳጅ ፔዳሉ የሚከፍታትን ክብ ሳህን የያዘውን ዘንግ በሁለት ጣት ያዝ። ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ጤነኛ ከሆነ የሚዞረው ብቻ ነው። ካረጀ ቀጭ ቀጭ ይልሃል፤ ዘንጉ ከአካሉ በሚወጣበት ጫፍ ዙሪያም ቤንዚን የያዘው ጥቁር እርጥብ አቧራ ታያለህ። ውሃውን እዚያ ርጭበት፤ ሞተሩ ቢንተፋተፍ በሽታው እሱ ነው። አርባ ዓመት የሞላው ካርቡሬተር ላይ ከጓርኒሲዮኑ ይልቅ የምጠረጥረው ይህን ነው፤ ጓርኒሲዮን ሦስቴ ቀይረው ያልዳነላቸው ሰዎች የረሱት እሱን ነው።

መድኃኒቱ ቶርኖ ቤት ነው። ዘንጉ የሚያልፍባቸው ሁለቱም ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ሰፍተው የነሐስ ቡሽንግ ይገባባቸዋል፤ መስመሩ ትንሽ ከሳተ ዘንጉ ይነክሳል። ሳህኗን የያዙት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ጫፋቸው ተቀጥቅጦ ነው የተቆለፉት፤ ሲገጠሙ አዲስ ይሁኑ፣ እንደገናም ይቆለፉ። አንዷ ብትላላ ወደ ሲሊንደር ትወድቃለች።

6. ጓርኒሲዮን ስትቀይር ሲሊኮን አትቀባ፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ ቁርጥራጩም ቀዳዳ ይዘጋል። ዳዶውንም በጉልበት አታጥብቅ፤ የካርቡሬተሩ ጆሮ ይጎብጣል። ከጎበጠ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተህ በቀስታ እሸው።

7. አዲሱ ርካሽ ቅጂ ካርቡሬተር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አካሉ ጤነኛ የሆነውን የድሮውን ሶሌክስ አስጠግን።

8. ሁሉ ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ እሳቱን አስተካክል፣ ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ድብልቁን፤ ሚኒሞ በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ ይበቃሃል። ጥቂት ከነዳህ በኋላ አራቱንም ካንዴላ አውጥተህ ፎቶ ላክልኝ። ቡና መስለው ከወጡ ደርባን ውረድ፤ አንዱ እንኳ ነጭ ከሆነ ገና አትውረድ።