ጎርፍ የወሰደው ቆሻሻ የት ይደርሳል?

የሱቁን ደጃፍ ጠርጎ ፌስታሉንና ካርቶኑን ቦይ ውስጥ የሚጥል ነጋዴ ሲነቀፍ «ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል» ይላል። ይህ አባባል ለቆቦ ከቶ አይሆንም። የራያ ገበሬ ጎርፍን የሚያየው እንደ ጠላት ብቻ አይደለም። ከተራራው የሚወርደውን ደራሽ ውሃ ጠልፎ ማሳው ያስገባዋል፤ ማሽላውንና ጤፉን ያበቅልበታል። እንግዲህ ከተማው ለጎርፍ የሰጠውን ጎርፉ ለገበሬው ያስረክበዋል ማለት ነው።

ፌስታል እንደ ገለባ አይበሰብስም። የጠለፋውን ቦይ ይደፍናል፤ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ውሃ እንዳይሰርግ ያግዳል። የምግብ ሽታ ያለበትን ደግሞ ላምና ፍየል ይውጡታል፤ ከርሳቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ይገድላቸዋል። የሞተችው ላም ባለቤት ምናልባት የዚያው ነጋዴ ደንበኛ ነው!

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውሃ በሚቀዳበት፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን እንደሚያመጣ አስጠንቅቀዋል። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ የሚደፋ ጋራዥ ከዚህ በምን ይለያል? እኔ ልዩነቱ አይታየኝም።

ሕግ አልጠፋም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ ስስ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። መጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ፈጀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጠበቅ ያለ አዲስ አዋጅ ጸደቀ።

አዋጅ ግን ቦይ አይጠርግም። ማዘጋጃ ቤቱ ከጎርፍ መውረጃ የራቀ ቦታ ይከልል፤ ነጋዴውም ቆሻሻውን ለሚያነሳለት ባለጋሪ የሚከፍላትን ጥቂት ብር እንደ ሱቅ ኪራይ ከወጪው ይቁጠራት።