ቅጠሉ ላብራቶሪ ከመግባቱ በፊት

ቆይ፣ የማስተርስ ጥናት ዕቅድሽን ወደ ታች አታውርጂው። ርዕሱ ላይ «የዳማከሴን ፈዋሽነት ለማረጋገጥ» ብለሻል። ይሄ «ለማረጋገጥ» ይውጣ። መልሱን አስቀድመሽ ይዘሽ ከገባሽ አይጦቹን ምን በወጣቸው ነው የምትወጊያቸው?

እማዬ ሁለታችንንም በዳማከሴ እንዳሳደገችን አልረሳሁም። ምች መታኝ ያለ ልጅ ዕጣው አንድ ነበር። ቅጠሉ ከጓሮ ተቀንጥሶ በመዳፏ ይታሻል፣ ግማሹ ጭማቂ ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል፣ ግማሹ ግንባርና አፍንጫ ላይ ይቀባል፣ ከዚያ በጋቢ ተጠቅልሎ ማላብ ነው። ግን የማስተርስ ጥናት የእማዬ ጠበቃ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕጓም አይደለም። «ይህን ያህል ጭማቂ፣ በዚህ መንገድ ተዘጋጅቶ፣ ይህን ያህል ትኩሳት ያበርዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ሰፊ ሰፊውን ለመግለጫ ሰጪዎች ተዪላቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020፣ ኮሮና አገር ውስጥ በገባ በሁለት ሳምንቱ፣ ለበሽታው የሚሆን የባህል መድኃኒት መሠረታዊ የምርምር ደረጃዎችን አልፏል ተብሎ በመንግሥት በኩል ሲነገር የሰፈሩ ተስፋ ጣሪያ ነካ። መድኃኒቱን ግን እስካሁን ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አላየሁትም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ «በዳማከሴ ላይ የተሠራ ጥናት የለም» ያልሽውን ደግሞ ማን ነገረሽ? እ.ኤ.አ. በ2003 እነ ፕሮፌሰር እያሱ መኮንን የዳማከሴንና የአንድ ዘመዱን ቅጠል በውሃም በኢታኖልም ኤክስትራክት አድርገው፣ ትኩሳት በተነሣባቸው አይጦች ላይ ሞክረው፣ ትኩሳቱን እንደሚያበርድ በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳትመዋል። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። የእነሱን መድገም ምን ይሠራልሻል? ያልነኩትን ፈልጊ።

እኔ እንደሚመስለኝ ያልተነካው እዚህ ዘዴ ያልሽው ክፍል ውስጥ ተደብቋል። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቀሽ፣ ፈጭተሽ፣ 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ሦስት ቀን ትዘፈዝፊዋለሽ። ለምን? «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» እንዳትዪኝ። እማዬ ደረቅ ዳማከሴ ስትሰጠን አይተሻል? ሜታኖልስ ጠጥተን እናውቃለን? ስታሺው አፍንጫሽን ሞልቶት የሚሄደው ሽታ የሚተን ዘይት ነው፤ ስታደርቂው ከፊሉ በኖ ይጠፋል። ስለዚህ ኤክስትራክትሽ ባይሠራ እማዬን አላስተባበልሽም፤ ቢሠራም አልመሰከርሽላትም። ሌላ ነገር ነው የሞከርሽው። ትኩሱን ጭማቂ አንድ ቡድን አድርጊው፣ በውሃ የወጣውን ሌላ ቡድን፣ ሜታኖሉን ካልተውሽው ሦስተኛ። ፓራሲታሞሉ ማነጻጸሪያ ይሁን። ያኔ የምትጽፊው ነገር ይኖርሻል።

ቱ ዮዮን አንብቢ። የቻይናዊቷ ቡድን ለወባ ይሆናል የተባለውን ቅጠል ሲሞክር አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ወደ 1,600 ዓመት ገደማ የሆነውን የጌ ሆንግን የመድኃኒት መጽሐፍ መልሳ ስታነብ፣ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይጨመቅ እንጂ ይቀቀል እንደማይል ልብ አለች። ሙቀቱ ይሆናል የሚያበላሸው ብላ በትንሽ ሙቀት በሚተን ኤተር አወጣችው። አርቴሚሲኒን የተገኘው እንዲያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላትም ይኸው ሥራ ነው። እኛ አገር ደግሞ ይህን ሰምቶ አሪቲ ለወባ ነው የሚል አለ። አሪቲ የዚያ ቅጠል ዘመድ ነው እንጂ እሱ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አይጥን ምች አይመታትም። አንቺ እርሾ ወግተሽ ትኩሳት ታስነሺባታለሽ። ምች የምንለው ግን ራስ ምታቱም፣ ብርድ ብርድ ማለቱም፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስልም ነው። ውጤቱ ላይ «ለምች ይሆናል» ብለሽ ከጻፍሽ ያላየሽውን መሰከርሽ። «በእርሾ የተነሣ ትኩሳት» በዪና እዚያው ቁሚ።

ናሙናውን ከሾላ ገበያ እገዛለሁ ያልሽውንም ተዪው። ሾላን እወደዋለሁ፤ ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙ፣ ፌጦው ሲደረደር ዓይን አይጠግብም። ግን ከመደብ ላይ የተነሣ እስር ከየት እንደተቆረጠ፣ መቼ እንደተቆረጠ፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ማን ይነግርሻል? ቀበርቾና ወገርትማ ይብሳል፤ ሥራቸው ብቻ ደርቆ ነው የሚሸጠው፣ አበባ የለ፣ ቅጠል የለ። ቀበርቾ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል ተክል ነው፤ ሥሩን የነቀለ ተክሉን ጨረሰው። አንቺ ከምታውቂው ጓሮ፣ አበባ ይዞ ሳለ ቁረጪ። ጋዜጣ መሃል ተጫኚው፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን ጻፊበት፣ አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም ወስደሽ አስለዪው፣ ቁጥር አሰጪው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ተለፍቶበት ስምንት ቅጽ የሆነው አንቺ ሳይንሳዊ ስም ከኢንተርኔት እንድትገለብጪ አይደለም። ቁጥር የሌለው ቅጠል ላይ የተሠራ ጥናት ማንም ሊደግመው አይችልም።

ወደ እንጦጦ ዳገት ወጥተሽ ባለመድኃኒቱን አባባን ልትጠይቂያቸው ማሰብሽ ጥሩ ነው። ብቻ እንደ ፖሊስ ቃል ተቀባይ አትሂጂባቸው። ስልክሽን ፊታቸው ደቅነሽ «ለምን በሽታ ምን ይሰጣሉ?» ብትዪ የሚነግሩሽን ይነግሩሽና ዋናውን ያስቀሩታል። የባለመድኃኒት ዕውቀት ለተመረጠ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ ለሁሉም ከተነገረ ይረክሳል የሚሉም አሉ። ተማሪ መሆንሽን፣ ምን እንደምትጽፊ፣ ማን እንደሚያነበው ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው። አልነግርም ካሉ ቡናሽን ጠጥተሽ፣ መርቀውሽ ተመለሺ። ከነገሩሽ ደግሞ ከማን እንደተማሩት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠሩበት ጠይቂ። «ባህላዊ» የተባለ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ እኮ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ዛሬ ጉንፋን የያዘው የየካ ልጅ ሁሉ በእሱ ይታጠናል።

ፈቃዱን ችላ እንዳትዪ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብን ዕውቀት ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን፣ ጥቅሙንም መጋራትን ይጠይቃል። የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ እሱም እዚሁ የካ ውስጥ ነው፣ ሩቅ ነው አትዪኝም። ለሰዎቹ ቃለ መጠይቅና ለአይጦቹ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም አለ። ዳማከሴ ከራሳችን ጓሮ ነው ብለሽ እንዳትዘለዪ፤ ለአንቺ ምን እንደሚያስፈልግ ሄደሽ ጠይቂ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ይህ ወረቀት ብቻ እንዳይመስልሽ። እንዶድን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከበላይ ያሉት ደህና ነበሩ። ቢልሃርዝያ ደግሞ ያለ ቀንድ አውጣ ዑደቱን አይጨርስም። እዚህ ላይ ልብ በዪልኝ፤ ሴቶቹ እንዶድ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ነው አላሉም። ለእነሱ ሳሙና ነው። እሳቸው የሰዎቹን ቃል ለማረጋገጥ ወይም ለማፍረስ አልተነሡም፤ የሚሠሩትን አዩ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ ተከተሉ። ከዚያም ሥራው በላብራቶሪ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ዓድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ በትንንሽ ልጆች ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየቦታው ሰብስበው፣ አወዳድረው፣ ዓይነት 44 የተባለውን ብርቱ ብለው መረጡ። አንድ ቀበሌ ላይ ያለው እንዶድና ሌላ ቀበሌ ላይ ያለው እኩል አይደለማ! ያንቺም ዳማከሴ እንደዚያው ነው፤ ናሙናው ከየት መጣ እያልኩ የምነዘንዝሽ ለዚህ ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር በዶክተር አክሊሉ የአባት ስም ለማቶክሲን ተባለ። ሁለቱ ሰዎች በአንድነት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ በዚያው ዓመት ዶክተር መላኩ ወረደም ለዘር ባንክ ሥራቸው ተሸለሙ። ያ የዘር ባንክ ነው ዛሬ ፈቃድ የምትጠይቂበት ኢንስቲትዩት የሆነው።

ከዓድዋው ወንዝ እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት። በመሃሉ ለሰውና ለዓሣ ምን ያህል መርዛማ ነው የሚለው ጥያቄ፣ ገንዘቡ፣ የውጭ ድርጅቶች ጥርጣሬ ነበር። በኋላም አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቧንቧ ለሚደፍን የዛጎል እንስሳ በእንዶድ የመከላከያ ዘዴ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የዓድዋ ልብስ አጣቢዎች ስም በዚያ ወረቀት ላይ የለም። አዋጁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አባባ ፊት ስትቀመጪ ይህን እያሰብሽ ተቀመጪ።

አሁን ዶዙን እንየው። በኪሎ 400 ሚሊግራም ብለሻል። ዝም ብለሽ በ60 ኪሎ ሰው ብታባዢው 24 ግራም ኤክስትራክት ነው። ደረቅ ቅጠል ከመቶ አሥር ኤክስትራክት ቢወጣው 240 ግራም ደረቅ ቅጠል፤ ማን ነው ይህን የሚጠጣ? ከአይጥ ወደ ሰው ሲኬድ ለ12 ግድም ይካፈላል፤ ያኔ ሁለት ግራም ግድም ይሆናል፣ ቅጠሉም 20 ግራም። ይህችን ስሌት ውይይቱ ውስጥ አስገቢያት። አማካሪሽ ባይጠይቅ እንኳ ፈታኙ ይጠይቅሻል።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሳልነግርሽ ሰርዢው። ኮሶ ተፈጥሯዊ ነው፤ አያቶቻችን ሁሉ ጠጥተውታል፣ ትሉንም ያስወጣል። በብዛት የተወሰደ ኮሶ ዓይን እንደሚጎዳ ግን ሐኪሞች ቀድመው ጽፈዋል። 14 ቀን አይጦቹ አልሞቱም ማለት 14 ቀን አልሞቱም ማለት ነው፤ ጉበታቸውንና ኩላሊታቸውን ካላየሽ ከዚያ በላይ አትናገሪ።

መጠይቁ ላይ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚል አላየሁም። ይግባ፤ ጠበሉንም ጨምረሽ ጠይቂ። እንጦጦ ጠበል ስንት የኤችአይቪ ሕሙማን ክኒናቸውን ትተው ይወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ ብለው በይፋ ማስተማራቸው ብዙ ረድቷል። ሰው አንዱን ብቻ አይዝም፤ ሁለቱንም ይይዛል፣ ለሐኪሙ ግን አንዱን ይደብቃል። አንቺ ፊትሽን ሳታጨማድጂ ከጠየቅሽ ይነግሩሻል።

ውጤቱ ባዶ ቢሆንም ጻፊው። ሲያልቅ ደግሞ በአማርኛ ሁለት ገጽ አድርገሽ ለአባባ ውሰጂላቸው፣ አንብቢላቸውም። በይ አሁን ወደ በጀቱ ሂጂ፤ አንዷን አይጥ ስንት ብር ብለሽ ነው የያዝሻት?