ጡንቻ ለሚፈልግ ሠራተኛ፦ መጀመሪያ እንቁላሉ፣ ከዚያ ማሩ

ዳሪሙ ወረዳ ውስጥ ቀን የቡና ጆንያ ሲጭኑ ውለው ማታ ብረት የሚያነሱ ከሆነ፣ «ከስፖርት በኋላ ግሉኮስ በጥብጠህ ካልጠጣህ ጡንቻ አይወጣልህም» የሚል ምክር ሳይደርስዎ አይቀርም። ዱቄቱን ከመግዛትዎ በፊት ስኳር ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ይለዩ።

ስኳር ነዳጅ ነው። አዋቂ ሰው በጡንቻዎቹ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ግራም የሚሆን የተከማቸ ስኳር አለው። የአንድ ሰዓት ብረት ከዚህ ከፊሉን ብቻ ይጨርሳል፤ የጎደለውን የእራቱ እንጀራ፣ በቆሎ ወይም ጎደሬ እስከ ነገ ይተካዋል። ጣፋጭ ኢንሱሊንን ከፍ ስለሚያደርግ ጡንቻ ያሳድጋል የሚሉም አሉ። በቂ ፕሮቲን ለበላ ሰው ግን ስኳር መጨመሩ በጡንቻ ግንባታው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ ገንዘብዎን ፕሮቲን ላይ ያውሉ። ብረት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን 96 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይሰጣል። በጾም ወቅት ምስሩን፣ ባቄላውንና ሽሮውን ያብዙ። ሁሉንም በእራት ከመጠቅለል በየገበታው ማከፋፈል ይሻላል።

ማርስ መቼ ይጠቅማል? ሲሸከሙ ውለው በባዶ ሆድ ወደ ብረቱ የሚሄዱ ከሆነ፣ ወይም ልምምዱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ከልምምዱ አንድ ሰዓት በፊት በበሶ በጥብጠው ቢጠጡት ጉልበት ይሆናል። ማር በደጅ እያለ የግሉኮስ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም።

መጠኑን ግን ይቁጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ማሩም፣ የሻይ ስኳሩም፣ ለስላሳውም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ስለሚመገብ ጥቂት ሊጨምር ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ማሩን ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ወይም መቱ ካርል ሆስፒታል ባለሙያ ያማክር።

በዚህ ሳምንት ለዱቄቱ ያሰቡትን ብር በእንቁላልና በምስር ይሞክሩት። ክብደት ካልጨመሩ ችግሩ የጣፋጭ ማነስ ሳይሆን የምግቡ ወይም የእንቅልፉ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እነሱን ያስተካክሉ።