ክፍሉን ተዪው፣ ግቢውን እዪ

ስልኩን እስቲ ወደኔ ዘወር አድርጊውና የክፍሉን ፎቶ ልየው። ይኼ ኤሲ ነዋ ያማለለሽ! ሚጣዬ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ የተሰቀለ ኤሲና የሚሠራ ኤሲ ለየቅል ናቸው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ይነሣል ካሉሽ ደግሞ እስከ ስንት ሰዓት በይ። ነዳጅ ወርቅ በሆነበት ከተማ ጄኔሬተሩ እስኪነጋ የሚያጓራልሽ እንዳይመስልሽ። እሱ ሲጠፋ ያ መስኮቱ መዳፍ የሚያህል ክፍል ምድጃ ነው፤ አንሶላሽን ስትጨምቂ ታድሪያለሽ።

ለሰሊጡ የምትሄጂው በግንቦት ነው። በግንቦት ገዳሪፍ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ዝናቡም ገና አልገባም። በዚህ ወቅት የከተማው ሰው አልጋውን ተሸክሞ ግቢ ይወጣል እንጂ ክፍል ውስጥ አያድርም። ስለዚህ የክፍል ፎቶ ቢልኩልሽ ምን ያደርግልሻል? ሆሹን አሳዩኝ በይ። ሆሽ የሚሉት በግንብ የታጠረውን ግቢ ነው። የሴቶቹ ለብቻው ከሆነ፣ አጥሩ ከሰው ቁመት ካለፈ፣ ቀን የምትጠለዪበት በሣር የተከደነ ራኩባ ካለው፣ ክፍሉ የሳጥን ያህል ቢጠብም ግድ አይስጥሽ፤ ሻንጣሽን ታስቀምጪበታለሽ። ዲዋን የሚሉት የእንግዳ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ የወንዶች ነው። አክብረው እዚያ ሊያስተኙሽ ቢሉ፣ ከሴቶቹ ጋር ይሻለኛል በያቸው። ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቀየሙሽም።

ያ ትናንት ያሳየሽኝ የጃፓኖቹ ባህላዊ ማረፊያ፣ ሪዮካን ያልሽው፣ ነገረ ሥራው ከዚህ ብዙም አይርቅም። እዚያም ቀን ሻይ የጠጣሽበት የታታሚ ምንጣፍ ላይ ማታ ፍራሽ ይነጠፍና መኝታ ቤት ይሆናል፤ ጠዋት ፍራሹ ተጣጥፎ ቁም ሣጥን ይገባል። የገዳሪፉም አልጋ ቀን ጥላ ሥር መቀመጫ፣ ማታ ሰማይ ሥር መኝታ ነው። ሪዮካን ግን ዋጋው በሰው ተቆጥሮ እራትና ቁርሱ አብሮ ይታሰባል። ገዳሪፍ ላይ ምኑ ከምን ጋር እንደሚታሰብ አንቺ ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም። በተለይ የመታጠቢያው ባልዲ፣ በሒሳብ ነው ወይስ በነፃ? ቁልፉን ሳትቀበዪ ይለይ።

ገዳሪፍ በውኃ ጥም የታወቀች ከተማ ናት። ቧንቧ አለ፣ ውኃው ግን ሲፈልግ ነው የሚመጣው፤ በበጋው ማብቂያ ደግሞ በበርሜል ተጭኖ በአህያ ጋሪ፣ እነሱ ካሮ በሚሉት፣ እየዞረ ይሸጣል። እና ስለ ኤሲ ከማውራትሽ በፊት «ሙያ ፊ?» በይ፤ ውኃ አለ ወይ ማለት ነው። «ፊ» ቢሉሽም አትመኚ፣ ሄደሽ በርሜሉን ክፈቺ። የመጠጡ ውኃ የሚቀመጥበትን ዚርም እዪው፤ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፣ ላቡ ወደ ውጭ እየወጣ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። ክዳን አለው? መጥለቂያው ጣሳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ወይስ አፈር ላይ ተጥሏል? ከዚህ በላይ ስለ ቤቱ የሚነግርሽ ነገር የለም። ቀዘቀዘ ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ2016 ክረምት ኮሌራ ክፉኛ ከመታቸው ክልሎች ከሰላና ገዳሪፍ ነበሩ፤ አንቺ የታሸገውን ወይም የፈላውን ጠጪ።

አልጋው አንገሬብ ነው። አራት እግር ያለው፣ ክፈፉ እንጨት፣ መሐሉ በገመድ የተጠለፈ፣ የኛን ጠፍር አልጋ የሚመስል። ፍራሹን ግለጪና ገመዱ ከእንጨቱ ጋር የታሰረበትን ቋጠሮ በአውራ ጣትሽ ፈልቀቅ አድርጊው። እንደ ቁንዶ በርበሬ ዱቄት ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ ትኋን ሰፍሮበታል፣ ሌላ ቤት ፈልጊ። ደህና ባልትና ያላት ሴት አንገሬቧን ፀሐይ ላይ ገልብጣ የፈላ ውኃ ትለቅበታለች። ገመዱ ርጥብ ሆኖ ብታገኚው እንዳትጸየፊ፤ እንዲያውም ሌላ ቤት መፈለግሽን አቁሚ።

ጎበር ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ፣ በመድኃኒት የተነከረውን። ለወባ ብቻ አይደለም። በራሃድና በአትባራ ወንዞች ዳር ባሉት መንደሮች ካላዛር የሚባለው በሽታ አለ፤ ከኛም በኩል መተማና ሑመራ ያውቁታል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅም የላት፣ ቀን በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ትደበቅና ማታ ትወጣለች፣ የምትበዛውም ልክ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ከተማ መሐል ስጋቱ ያንሳል። ገጠር ለገጠር ሰሊጥ ልታዪ ከወጣሽ ግን ግራርና ላሎብ ዛፍ ሥር መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግተሽ እንዳታድሪ። ተመልሰሽ ትኩሳት ይዞሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ለሐኪሙ ገዳሪፍ ነበርኩ ብለሽ ንገሪው። ጫማሽንም ጠዋት ሳታራግፊ አትልበሺ፤ ጊንጥ አለ።

ገበያው ዙሪያ ያሉት ሎካንዳዎች ለሹፌርና ለነጋዴ ናቸው፤ የሚያከራዩት በአልጋ ነው፣ ላንቺ አይሆኑም። የሐበሻ ቤት ይሻለኛል የምትዪውም ልክ ነሽ፣ ግን ቤት ከቤት ይለያል። እንጀራ የምትሸጥ፣ ልጆች ያሏት፣ ማታ በሯን የምትዘጋ ሴት ቤት እንደ እናትሽ ቤት ነው። አረቄ የሚሸጥበት ቤት ግን አልጋው በነፃ ቢሆን እንኳ አትደሪ። ከሻ፣ ማለትም የፖሊስ አሰሳ፣ የመጣ ሌሊት ፖሊሱ ጠጪውን ከአዳሪው አይለይም። ወረቀትሽን በጊዜ ጨርሺ፤ የውጭ ሰው በገባ በ3 ቀን ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ቆንስላችን እዚያው ገዳሪፍ አለ፣ የት ሰፈር እንደሆነ ሳትቸገሪ በፊት እወቂው።

ከተማዋ አሁን ሞልታለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ መጀመሪያ የካርቱም ሰው፣ ቀጥሎም የሲንጃ ሰው ሸሽቶ ገብቶባታል፤ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነዋል፣ ኪራይም ሰማይ ነክቷል። ዋጋው በዛ ብለሽ አትነጫነጪ። ነገር ግን ላንቺ ለጥቂት ሌሊት የተሻለ ስለምትከፍዪ ብለው ከነልጆቿ ያለችውን ተፈናቃይ ከክፍሏ ሊያስወጡ ቢሞክሩ፣ ያን ክፍል እንዳትወስጂ። ይኼን እንኳ ልነግርሽ አይገባም ነበር።

ገንዘቡ ሌላ ጣጣ ነው። ጥሬ ብር ስለጠፋ ሰዉ የሚከፍለው በካርቱም ባንክ መተግበሪያ፣ በባንከክ ነው። አንቺ የለሽም፣ ስለዚህ በጥሬ ትቀበላላችሁ ወይ ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። ድንበር ላይ የሚመነዝሩ ልጆች አሮጌ 500 እና 1000 ፓውንድ ቢያስታቅፉሽ አትቀበዪ፤ ገዳሪፍን ጨምሮ የሱዳን ሠራዊት በያዛቸው ክልሎች ኖቱ በ2017 ተቀይሯል።

ደግሞ ጠዋት ተነሥተሽ ቁርስ የት አለ እንዳትይ። እዚያ ማለዳ የወተት ሻይ ከዘላብያ ጋር ይጠጣል፤ ቁርሱ፣ ፉሉና ኪስራው፣ በ10 ሰዓት ነው። ሰዓታቸው ከእኩለ ሌሊት ይቆጠራል፣ ከኛም በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በኛ ረፋድ 5 ሰዓት መሆኑ ነው። የመኪና ቀጠሮ ስትይዢም «በማን ሰዓት?» በይ።

ከድንበር ከተማዋ ከገላባት ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ችግሩ የድንበሩ በር ላይ ነው። በ2016 ማብቂያ መተማ በኩል ውጊያ ሲነሣ ሱዳኖቹ ዘግተውት ነበር፣ ነገም ሊዘጉት ይችላሉ። ሹፌሮቹን ሳትጠይቂ ከጎንደር አትነሺ፣ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ጉዞውን አስተላልፊው፤ ሰሊጡ የትም አይሄድም። መሽቶብሽ መተማ ከደረስሽ እዚያው ፔንሲዮን ያዢና በጠዋት ተሻገሪ። ከመሸ በኋላ ገላባት ገብቶ አልጋ መፈለግ የሴት ሥራ አይደለም፣ የወንድም አይደለም።

ለባለቤቲቱ ትንሽ ጥሬ ቡና ያዢላት፣ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ እንዳያስነሣብሽ ግን ከግማሽ ኪሎ አይብለጥ። ዝንጅብል ጨምራ በጀበና ታፈላዋለች፤ የዚያን ጊዜ የውኃውን ዋጋ፣ የምትታመነውን ሹፌር፣ የትኛው ሰፈር በማታ እንደማይኬድ፣ ሁሉንም ቁጭ ብለሽ ጠይቂያት። የምትወጪ ዕለት ሒሳብሽን ከዋዜማው ማታ ዝጊ፤ መኪናው ገና ሳይነጋ ነው የሚነሣው፣ እሷም በዚያን ሰዓት ዝርዝር አይኖራትም።