የ59 ቀናት ክፍተት፦ የቤት ኮምፒውተርን ከኢንተርኔት ጥቃት ስለ መጠበቅ

የመመረቂያ ጽሑፉን በቤቱ ኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ተመራማሪ ሥራውን በምን ይጠብቀዋል ቢባል፣ ብዙዎች የሚሰጡት መልስ «በጸረ-ቫይረስ» የሚል ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ መልሱ ያልተሟላ መሆኑን ዋናክራይ በተባለው ጥቃት አስረጅነት ማሳየትና ለቤት ተጠቃሚ የሚበጀውን ማመልከት ነው።

1. የጥቃቱ ባሕርይ

ዋናክራይ ቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር ነው፤ ይኸውም ፋይሎችን በምስጠራ ቆልፎ መክፈቻውን ለመስጠት ገንዘብ ይጠይቃል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። በእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ቤዛ 300 የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ነበር።

ሁለት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ጥቃቱ ለመዛመት ተጠቃሚው አጠራጣሪ መልእክት እንዲከፍት አላስፈለገውም። ዊንዶውስ በኔትወርክ ፋይል ለመጋራት በሚጠቀምበት አሮጌ ፕሮቶኮል ውስጥ በነበረ ጉድለት ገብቶ ራሱን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ያስተላልፍ ነበር። ሁለተኛ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፍ ለሚሰጣቸው የዊንዶውስ ዓይነቶች ጉድለቱን የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ማለትም ጥቃቱ ከመነሣቱ 59 ቀናት አስቀድሞ ነው። መከላከያው በእጅ ነበር፤ ያልተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ግን ተጋልጠው ቆዩ።

2. ማሻሻያ ለምን ይዘገያል?

ማሻሻያን የሚያስቆም ሰው ሁሉ ቸልተኛ አይደለም። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ተማሪ አንድ ማሻሻያ የሳምንት ጥቅሉን ሊጨርስበት ይችላል። ሆኖም ቁጠባውንና ጥበቃውን ማስታረቅ ይቻላል። ማይክሮሶፍት መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያዎቹን የሚያወጣው በፈረንጆች ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ይህን የሚያውቅ ተጠቃሚ ከዚያ ቀን በኋላ ባለው ሳምንት ላፕቶፑን ወደ ግቢ ወስዶ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ሊያሻሽል ይችላል። እንዲህ ቢደረግ የ59 ቀናቱ ክፍተት ወደ ጥቂት ቀናት ይጠባል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ የዚህ ተጠቃሚዎች ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገርን ወይም የተራዘመውን የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘትን ሊያስቡበት ይገባል።

3. የመጠባበቂያ ቅጂ አያያዝ

ዋናክራይ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ ውጫዊ ዲስክንም ይቆልፍ፣ ዊንዶውስ ለመልሶ ማግኛ ያስቀመጣቸውን ቅጂዎችም ይሰርዝ ነበር። ስለዚህ ዘወትር ተሰክቶ የሚኖር ፍላሽ አስተማማኝ መጠባበቂያ ሊባል አይችልም። የሚሻለው ሁለት ፍላሾችን በየሳምንቱ እያፈራረቁ መገልበጥ፣ እንዳበቃም ነቅሎ በተለያየ ስፍራ ማስቀመጥ ነው። ከተገለበጡት ፋይሎች አንዱን በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ማረጋገጥም ያስፈልጋል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ለመኖሩ ዋስትና የለውምና።

4. ማጠቃለያ

ጸረ-ቫይረስና ፋየርዎል ጠቃሚ ናቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ወቅቱን የጠበቀ ማሻሻያ የጥቃቱን በር ያጠባል፤ ተነቅሎ የተቀመጠ ቅጂ ደግሞ በሩ ቢከፈት እንኳ የዓመታት ድካም እንዳይጠፋ ያደርጋል። ሁለቱም ከገንዘብ ይልቅ ልማድን የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከምርምሩ የመጀመሪያ ወር አንሥቶ ሊጀምራቸው ይገባል።