ታላቅና ታናሽ በአንድ ክፍል



እኛ በድባጤ የምንማር ወጣቶች ያለችን ክፍል አንዲት ብቻ ናት። በእርስዋም ውስጥ የ6 ዓመት ሕፃንና የ18 ዓመት ወጣት በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህም የሆነው በመምህር ማነስ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ሲፈናቀል የልጆችም ትምህርት አብሮ ተቋርጦ ነበርና፣ በመካከላችን ጢሙ እያቆጠቆጠ ፊደል ያልለየ ወንድም አለ። ከአጠገቡ ደግሞ መልእክተ ዮሐንስን የምታንበለብል ትንሽ ልጅ አለች። ታዲያ ታላቁ በታናሿ ፊት ፊደል ሲስት ያፍራል፤ ሁለት ሰንበት ይመጣና በሦስተኛው ይቀራል። በዚህ ዓይነት ሦስት ወንድሞች ቀሩብን። ጥፋቱም የእኛው ነበር፤ ሁሉንም ተራ በተራ እያስነሣን በጉባኤ ፊት እናስነብብ ነበርና። አራተኛውም ሊቀር ሲል ነው መላ መፈለግ የጀመርነው።

መላውስ ከቤታችን አልራቀም ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ግን ከፊደል ቆጣሪ እስከ ዳዊት ደጋሚ በአንድ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። ዕድሜው ስንት ነው ተብሎ አይመደብም። አቡጊዳ የጨረሰው ፊደል የያዘውን ያስቆጥራል፤ ዳዊት የሚደግመውም መልእክት የሚያነበውን ያቀናል። ጽሕፈት የሚማር ከሆነ ደግሞ ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ መቃ ይቀርጻል። እኛም ይህን የእጅ ሥራ ወደ ክፍላችን እናምጣ ተባባልን።

በመጀመሪያ ለቀለም ተነሣን። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቀን ውኃ ውስጥ ጨመርነው። ጥላሸት ግን ቅባት አለውና ውኃውን እንቢ ብሎ ከላይ ተንሳፈፈ፤ ብናማስለው ብናማስለው አልገባም። ያን ጊዜ ያ ሊቀር የነበረው ወንድማችን ከኋላ ተነሥቶ «መጀመሪያ በሙጫ ይታሽ» አለ። ለካስ ከአንድ ቁም ጸሐፊ ደጅ ሲውል አይቶ ኖሯል። የግራር ሙጫ በጥቂት ሙቅ ውኃ አሟሟና ጥላሸቱን ከሙጫው ጋር በድንጋይ ላይ እንደ በርበሬ አደቀቀው፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ሲጨመርበት እሺ አለ። የጸሐፍቱ ቀለም ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ያረረ እህልና ቅጠል ገብቶበት ለወራት ይብላላል። የእኛው ለአንድ ሰንበት የሚበቃ ነበር። ለብዕር ሽመል ሞከርን፤ በአገራችን ሽመል ሞልቷልና። ነገር ግን ውስጡ ድፍን ስለሆነ መቃ ተሽሎ አገኘነው። ጫፉን በሰያፍ ቆርጦ መካከሉን ሰንጠቅ ማድረግ ነው፤ ምላጩን ግን ለታላላቆቹ ብቻ ሰጠን። ያ ወንድማችን በዚያን ቀን «ሀ»ን የጻፈው ራሱ በሠራው ቀለም ነው።

ከዚህም ይልቅ የጠቀመን የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ስሌት የደረሰው የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው። ስንክሳር እንደሚተርከውም ከመሾሙ አስቀድሞ ፊደል የማያውቅ የወይን አትክልተኛ ነበር። ይህን ስንናገር ከኋላ የተቀመጡት ቀና አሉ።

ለምሳሌ የያዝነው 2017 ዓ.ም.ን ነው። 5500ን ስንደምርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 12 ይተርፋል፤ ከትራፊው 1 ሲነሣ 11 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ማካፈሉን የቻሉት ሠሩት። ከዚህ በኋላ ግን እርሳስ አላስፈለገም። 11 ሕፃናት ቆመው እያንዳንዳቸው 11 የበቆሎ ፍሬ በመሬት ላይ ደረደሩ፤ 121 ሆነ። ታላላቆቹ ሠላሳ ሠላሳውን እየቆጠሩ ወደ ቁናው መለሱት፤ በአራተኛው አንድ ፍሬ ብቻ ቀረች። እንግዲህ አበቅቴው 1 ነው። ሁለተኛም እያንዳንዳቸው 19 ፍሬ ደረደሩ፤ 209 ይሆናል። ሠላሳው ስድስት ጊዜ ሲነሣ 29 መቅረት ነበረበት፤ እርሱም መጥቅዕ ነው። ለእኛ ግን 28 ቀረ።

አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ፤ 11ና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። ይህን ከሰማ ገና ጥቂት ደቂቃ የሆነው ያ ወንድማችን «አንድና ሃያ ስምንት ሠላሳ አይሞላም፤ አንድ ፍሬ ጎድሏል» አለ። ገበያ ውሎ ያደገ ልጅ ሒሳብ አይስትም። ያን ጊዜ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ «ወንድም ጋሼ፣ ዶሮዋ በላችው!» ብላ ጮኸች። በእርግጥም ዶሮዋ በራፉ ላይ ቆማ ነበር።

ፍሬው ተተክቶ ቀጠልን። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር። የረቡዕ ተውሳክ 4 ስለሆነ 29ና 4 ተደምሮ 33፤ 30 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። በ3 ላይ የትንሣኤን ተውሳክ 9 ብንጨምር 12 ይሆናል፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ሕፃናቱ በዓሉን ያስታውሱታልና በቆሎው እውነት ሲናገር ሲያዩ አጨበጨቡ።

ወንድማችን ከዚያ ወዲህ አልቀረም። ፊደሉን ገና እየታገለው ነው፤ የምታስቆጥረውም ያችው ትንሽ ልጅ ናት። እርሱ ደግሞ መቃ ይቀርጽላታል። የቀሩት ሦስቱ ግን አልተመለሱም፤ በየቤታቸው ሄደን ጠይቀናቸዋል፤ አንደኛው ለቀን ሥራ ከአገር ወጥቷል።

በየአጥቢያችሁ ልትሞክሩት ብትወዱ፣ የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12 ነው። ለአበቅቴው 132፣ ለመጥቅዑ 228 ፍሬ ይበቃችኋል። በራፉን መዝጋት አትርሱ።